የካሣው መትረየስና መዝጊያዋ

ባለፈው ወር አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከአዲስ አበባ መጣሁ ብሎ ቤቴ ገባ። ቁጭ በል አልሁት፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ደኅንነቴን በቅጡ ሳይጠይቅ ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ ዓይኔ ሥር ደቀነብኝ።

«ጋሼ፣ ይህችን ያውቋታል?»

እንዴት አላውቃት! ሰደፏ ላይ ያለውን ስንጥቅ በመዳብ ሽቦ የጠመጠመው አስተማሪዬ አያ ደርሶ ነው፤ ሽቦውን ወጥሬ የያዝሁለት እኔ ነኝ። የካሣው ንጉሤ መትረየስ ናት። ከላሊበላ ከወጣች ወዲህ ዓይቻት አላውቅም ነበር። ቀይ ጨርቅ ላይ አጋድመዋታል፣ ዘይት ጠግባለች፣ አንድ ነገር አልጎደለባትም። እሷ ላይ ያልጎደለው ነገር ነው እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያንገበግበኝ የኖረው።

ሰውዬው ነገሩን አብራራልኝ። አሮጌ የጦር መትረየስ የሚሰበስቡ ሀብታሞች ውጭ አገር አሉ፤ እንደ እህል በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል፤ እንዲያውም ከእህል ይብሳል። «ከማን እጅ እንደወጣች፣ ማን እንደማረካት የሚመሰክር ወረቀት ካላት ደግሞ ዋጋዋ እጥፍ ነው» አለኝ። «ያን ጊዜ መዝገቡን የያዙት እርስዎ ነበሩ ብለውኛል። አንዲት ገጽ ቢጽፉልን ድካምዎን አናስቀርም።»

ደሜ ፈላ። በትሬ አጠገቤ ነበረች፤ ማርያምን ብዬ ነው እጄን የሰበሰብሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ተመለስ፣ ወረቀትህን ታገኛለህ አልሁት። ደስ ብሎት ሄደ።

ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሥራዬ መሣሪያ መጠገን ነበር። በንጉሡ መጨረሻ ላሊበላ ውስጥ አንድ የመንግሥት ግምጃ ቤት በጠራጊነት ገባሁ። የግምጃ ቤቱ ጠጋኝ አያ ደርሶ ነበር፣ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ሰው። መጥረጊያዬን ቀምቶ «ና ይህን ያዝ» ያለኝ ቀን ሥራዬ ተለወጠ። ደርግ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀየረ፣ በሩ ቀለም ተቀባ፣ እኛ ያው እኛው ነበርን። ሙጃም ተልኬ ሠርቻለሁ፣ ፍላቂትም፤ ፍላቂት እንዴት እንደሄድሁ በቦታው እናገራለሁ። ደመወዜ የሚወራ አልነበረም፣ አላወራውም።

አያ ደርሶ መሣሪያ የሚፈታው ነጭ አቡጀዲ ላይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እየደረደረ ይፈታል፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየለቀመ ይገጥማል፤ መካከል ላይ ሰው ቢያናግረው አይመልስም። ከመፍታቱ በፊት አፈሙዙን ያሸታል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር። «ይቺ ገብስ ውስጥ ከርማለች» ይላል፤ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ እውነት ነዋ! «ይቺ ደግሞ ምድጃ በላይ ተሰቅላ ነበር፤ ጢሱ ቆዳዋን ጠብቆላታል፣ ሆዷን ግን በልቶታል።» በአፍንጫው የደበቁበትን ቦታ ያውቅባቸው ስለነበር ገበሬዎቹ አያ ደርሶ ፊት አይዋሹም።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው፤ ይህ ታሪክ ሁሉ የሚንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ማንም ሰው መሣሪያ አምጥቶ ሲሰጠው አያ ደርሶ መዝጊያውን አውልቆ ለባለቤቱ ይመልሳል። መዝጊያ የምንለው ከመሣሪያው ሆድ ውስጥ እየተመላለሰ ጥይቱን የሚያጎርሰውን ብረት ነው፤ እሱ ከሌለ መሣሪያ ምርኩዝ ነው። «በድኗ እኔ ዘንድ ትደር፣ ነፍሷን ይዘህ ሂድ» ይላል። ባለቤቱም መዝጊያውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ይዞት ይመጣል፣ ዓይኑ እያየ ይገጠምለታል። ለምን እንደሚያደርገው አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ሙሉ መሣሪያ እኔ ቤት ካደረ ሌባም ይመኘዋል፣ ሹምም ይመኘዋል» አለኝ። «ጎደሎ ከሆነ ማን ይነካዋል? እኔም ሰው ነኝ፤ ለእኔም ይበጀኛል።»

ይህ ነገር በላስታ ሁሉ ታወቀ። ሰው መሣሪያ ለማስጠገን ሲመጣ «በድኗን አመጣሁ» ይል ጀመር።

የካሣው መትረየስ ያኔ ነው የመጣችው። ካሣው ከገነተ ማርያም በታች የሚያርስ ገበሬ ነበር፣ ቀጥ ያለ፣ ነገር የማያበዛ። አባቱ ንጉሤ በጣሊያን ጊዜ ገደል ሥር ሦስት ቀን አድፍጦ ከጣሊያን እጅ የማረካት ናት፤ ብሬዳ የሚሏት። ይቺ ብሬዳ ጠባይዋ ለብቻው ነው፤ ጥይቷን በዘይት እየቀባች ነው የምትጎርሰው፤ ዘይቱ ላይ አቧራ ከደረበ ታንቃለች። ጣሊያኖቹም እዚያ ገደል ሥር ያለቁት እሷ ታንቃባቸው ነው ይላል አያ ደርሶ፣ እየሳቀ። ንጉሤ ሲሞት ለቀብሩ ሦስት ጊዜ ተተኮሰች፤ ከዚያ በኋላ ጥይትም አልተገኘላትም፣ ዳግም አልጮኸችም። ካሣው ያመጣት ሰደፏ ተሰንጥቆበት ነው። «የማትተኩሰውን ለምን ታስጠግናታለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባትህ ሲያረጅ አልጋውን አትጠግንለትም?» አለኝ።

አሁን ወደ አለቃዬ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ አፌን ላቆሽሸው አልፈልግም። በደርግ መካከለኛ ዓመታት ነው የተሾመብን። ካኪ ይለብሳል፣ በየስብሰባው ስለ ሰፊው ሕዝብ ይጮኻል፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አይለይም። ጓድ ኃላፊ ነበር የምንለው። አንድ ቀን ጠርቶ ታሪካዊ መሣሪያዎች ተሰብስበው ላሊበላ ላይ ሙዚየም ሊሠራላቸው ነው አለኝ። ማን የማረከው እንደሆነ ስሙ ተጽፎ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሕዝብ ይጎበኘዋል።

«ሕዝቡ አንተን ያምናል፣ ጓድ ተገኘ» አለኝ። «ሰብስብ። የሙዚየሙ ኃላፊ አንተ ነህ።»

እኔ! አራተኛ ክፍልን ያልዘለቅሁ፣ በመጥረጊያ የገባሁ ሰው! ደረቴ ተነፋ። ልዋሽ አልችልም፣ ያን ቀን ለሚስቴ ስነግራት ወንበር አስመጥቼ ተቀምጬ ነው የነገርኋት።

በየሰፈሩ ዞርሁ። አልቤኑ፣ ምንሽሩ፣ ውጅግራው፣ የአያት የቅድመ አያት ጠመንጃ ሁሉ መጣ። ሰው ሁሉ እንደለመደው በድኑን ሰጠኝ፣ ነፍሱን አስቀረ፤ «ቤቱ አልቆ ስሙ ሲጻፍ እናመጣለን» አለ። በእያንዳንዱ ላይ የማራኪውንና የባለቤቱን ስም የጻፍሁበት ካርቶን በክር አሰርሁ። ጓድ ኃላፊ ክምሩን አይቶ እንደ እብድ ጮኸ።

«ይህ ምንድን ነው? ቁርጥራጭ ብረት ነው እንዴ የምትለቅመው? ያልተሟላ መሣሪያ ማን—» አለና ቃሉን ዋጠው።

ያን የዋጠውን ቃል ዛሬ አውቀዋለሁ። ማን ይገዛዋል ሊል ነበር። እኔ ጅሉ ግን ምንም አልጠረጠርሁ! የሙጃ ገበያ እኮ ሲያወራ ከርሟል፤ አሮጌ መሣሪያ የሚገዙ ሰዎች መጥተዋል፣ መትረየስ ከሆነማ መጀመሪያ በአንድ በሬ፣ ቆይቶ በጥማድ፣ አሁን ስንት በሬ እንደሆነም አይታወቅም እየተባለ። የማትተኩሰው ከምትተኩሰው በለጠች ብለን ስንስቅ ነበር። ስቄ ነበር እኔም፣ ጥርሴ ይርገፍና።

«መትረየሷን አምጣ» አለኝ ጓድ ኃላፊ። «ሙሉዋን። ሙዚየም ጎደሎ አይቀበልም።»

አያ ደርሶ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ከግምጃ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሄጄ ነገርሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«መስታወት ውስጥ ለሚቀመጥ መሣሪያ መዝጊያ ምን ያደርግለታል?»

«ደንቡ ነው» አልሁት። «ደንብ» አለና ፊቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰ። ሽማግሌ ስለሆነ አዲሱን አሠራር አያውቅም ብዬ በልቤ ናቅሁት። አያ ደርሶን! እኔ!

ካሣው ቤት የደረስሁት በእኩለ ቀን ነው። ባልዋ ሞቶባት ወደ አባቷ የተመለሰችው ልጁ እማዋይሽ በር ላይ ገብስ ታበጥራለች። ካሣው መትረየሷን በአንሶላ ጠቅልሎ አወጣልኝ።

«በድኗ ይቻትና» አለኝ። «ነፍሷ እኔ ዘንድ ትቆይ። የአባቴ ስም ሲጻፍ ይዣት እመጣለሁ፤ አንተው ትገጥማታለህ።»

«አያ ካሣው፣ ያለ መዝጊያዋ አይቀበሏትም።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልሁ።»

እማዋይሽ ሰፌዷን አስቀመጠች። «አባባ፣ አያ ደርሶ ጠይቆት የማያውቀውን ይኼ ለምን ይጠይቃል?»

«ተይ አንቺ! የደርሶ እጅ እኮ ነው ይኼ» ብሎ ተቆጣት። የደርሶ እጅ አለኝ። ከጎታው እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ በቅቤ የራሰ ጨርቅ ውስጥ የተቋጠረ ነገር አወጣ። መዝጊያዋ ናት። ገብሱ ተጣብቆባት ነበር፤ እየለቀመ አነሳላትና ሳማት። እጄ ላይ አኖራት።

«አደራ» አለኝ።

ገና ወር እንኳ ሳይሞላ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ አንዲት ሸራ የለበሰች መኪና ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጓድ ኃላፊ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። «አገልግሎት የማይሰጥ ቁርጥራጭ ብረት፣ አንድ» ይላል። የማን እንደሆነ አይልም። ከየት እንደመጣ አይልም።

«አዲስ አበባ ሄዳ ጸድታ ትመለሳለች። ለሥርዓት ያህል ነው፣ ፈርም።»

ፈረምሁ። አስገደደኝ ብል ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ እንቢ ያለ ሰው የት ይገባ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፤ የሙዚየም ኃላፊ ልሆን ነው እኮ! ጸድታ ትመለሳለች ሲለኝ ማመን ፈለግሁ፣ አመንሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እንዲያ ነው።

መኪናዋ የጫነችው አንዲቱን መትረየስ ብቻ ነው። ሌሎቹን፣ እነዚያን ጎደሎዎቹን፣ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። መኪናዋ ከሄደች በኋላ አፈሩ ላይ አንዲት ካርቶን ወድቃ አገኘሁ፤ «ማራኪ ንጉሤ፣ ባለቤት ካሣው ንጉሤ» ትላለች። የእጄ ጽሑፍ ናት። ክሩን በቢላ ነው የቆረጡት።

ሙዚየም የሚባል ነገር አልተሠራም። ጎደሎዎቹ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ሲለብሱ ከረሙና ባለቤቶቻቸው እየመጡ በድናቸውን መልሰው ወሰዱ፤ ነፍሱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው እዚያው በር ላይ ገጠሙ። ጓድ ኃላፊም አልከለከለም፣ ምን ያደርግለታል? ባዶ እጁን የቀረ ሰው አንድ ካሣው ብቻ ነው፤ በእኔ ቃል ነፍሷን የሰጠ።

ለአያ ደርሶ ነገርሁት። ቢሰድበኝ፣ በያዘው ከዘራ ቢለኝ እወድ ነበር። «መፍታትና መግጠም አስተማርሁህ» አለኝ ድምፁ እስኪጠፋ ዝቅ ብሎ። «የቀረውን አይተህ ትማራለህ ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ጅቡን አውቀዋለሁ፣ ውሻው ግን እኔ ነኝ።

ካሣው በየቅዳሜው ገበያ ሲመጣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። «ቤቷ አለቀ ወይ?» ይለኛል። መጀመሪያ «እየተሠራ ነው» አልሁት። ቆይቶ ቅዳሜ ሲሆን በጓሮ መውጣት ጀመርሁ። በመጨረሻ ዝውውር ጠየቅሁና ፍላቂት ተላክሁ። ብርዱን እንጂ ካሣውን አላየውም ብዬ ነበር። እሱ ግን በእግሩ ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ መጣ። ሲያገኘኝ አልጮኸም፤ ጉንጩ ገብቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«መሸጧን ሰምቻለሁ» አለኝ። «እንድትመልሳት አልመጣሁም፣ አቅሙ የለህም። ገንዘብም አልፈልግም። ነገር ግን አገር ሁሉ ካሣው ሸጠ ይለኛል። ዋጋው ሲወደድ የአባቱን ምርኮ ሸጦ በላ ይለኛል። የሌሎቹ ሲመለስ የአንተ የት ሄደ ይለኛል። ምን ልበል? እድር ላይ ጀርባ ይሰጡኛል፣ ተገኘ። አንድ እሑድ ና። ገነተ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ቁምና ካሣው አልሸጠም በል። ይኸው ነው።»

አልሄድሁም።

ካሣው አልሸጠም ካልሁ፣ ታዲያ ማን ሸጠ? ብለው ይጠይቁኛል። ጓድ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ፊርማዬም ወረቀቱ ላይ። መጣሁ እያልሁ ስንት እሑድ አሳለፍሁ! አንድ ክረምት ካሣው ሞተ አሉኝ። ለቀብሩ አንዲት ጥይት የተኮሰለት የለም። ሻጭ ተብሎ ነው የተቀበረው። ያ ካኪ ለባሽ ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ ካኪውን ጣለና ከተማ ገባ፤ ዛሬም በሕይወት አለ ይሉኛል፣ ሽበቱ ተከብሮለት፣ ጋሼ እየተባለ። እኔንም ጋሼ ይሉኛል እኮ! ይኼ ሁሉ ንዴቴ ግማሹ የሱ ነው፣ ግማሹ የራሴ።

ያ ባለ መነጽር በቀጠርሁት ቅዳሜ መጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሌሊት ከቀን የጻፍሁት ወረቀት አይደለም፤ ቃሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ አለቀ። እንዲህ ይላል፦

«ይህችን መትረየስ ከጣሊያን እጅ የማረካት ንጉሤ ነው። ባለቤቷ ልጁ ካሣው ንጉሤ ነው። ካሣው አልሸጣትም፣ አልለወጣትም፣ ለማንም አልሰጣትም። ሙዚየም ትቀመጣለች ብዬ ዋሽቼ በአደራ የወሰድሁበት እኔ ተገኘ ነኝ። ቁርጥራጭ ብረት ናት ብዬ የፈረምሁም እኔ ነኝ። አለቃዬ ሰረቃት፣ እኔ በሩን ከፈትሁለት። የተሰረቀች ናት። የያዛት ሁሉ የሰው አደራ ነው የያዘው።»

ሰውዬው አነበበ። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይህ ወረቀት ካለ እኮ ማንም አይገዛትም።»

«ታሪክ ያላት ዋጋዋ ይጨምራል አላልኸኝም? ታሪኳ ይኸው።»

ወረቀቱን መደቡ ላይ ወርውሮ፣ ሽማግሌው ጃጅቷል እያለ ወጣ። አነሳሁት። በማግሥቱ እሑድ በትሬን ይዤ ገነተ ማርያም ወረድሁ። እማዋይሽ አርጅታለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ያቺን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስቀምጣት የኖርሁትን ካርቶን እጇ ላይ አኖርሁላት። ማንበብ አትችልም፤ አጠገቧ ያሉት ቄስ የአባቷንና የአያቷን ስም አነበቡላት።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰብ ቄሱን አስፈቅጄ ቆምሁ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ካሣውን ጀርባ ከሰጡት አንዳንዶቹ አሁንም በሕይወት አሉ፤ በከዘራቸው ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

እማዋይሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ዘገየህ» አለችኝ። «አባቴ ስንት እሑድ ይቺን በር እያየ ጠበቀህ።»

«አዎ» አልሁ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች። «ደግመህ አንብበው። ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

ደግሜ አነበብሁት።